ፀደይ ላይ ለአዳኝ ወፎች ብለን አይዳሆ ሄደን ነበር፦ ማዕከሉ፣ ገደሉ እና ያልወደድኩት አስጎብኚ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለዚህ ጉዞ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃችንና ከአገር ቤት ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ሆነን አሜሪካ ውስጥ ቦይዚ፣ አይዳሆ ሄደን አራት ቀን ቆየን። የሄድነው ለአዳኝ ወፍ ብቻ ነው፣ ንስር፣ ጭልፊት፣ ጉጉት፣ ጥንብ አንሳ፣ ሌላ ፕሮግራም አልያዝንም። ነጥቤን ከፊት ላስቀምጥ፦ የዓለም አዳኝ ወፎች ማዕከል ከአምስት አምስት፣ የስኔክ ሪቨር ወንዝ ገደል ከአምስት አምስት፣ ከፍለን የሄድንበት አስጎብኚ ከአምስት አንድ። ምክንያቱን እየዘረዘርኩ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቀኑ ላውራ፣ ምክንያቱም ሁሉ ነገር የሚወሰነው እዛ ጋ ነው። ብዙ ሰው የአዳኝ ወፎች ፌስቲቫል መቼ ነው ብሎ ይጠይቅና በዛ ቅዳሜ ጠዋት ደርሶ ማታውኑ ይመለሳል። ፌስቲቫል እኔም እወዳለሁ፣ በተለይ ለልጅ አሪፍ ነው፣ ወፉን ጓንት ላይ አስቀምጠው አጠገብህ ያመጡልሃል፣ የፈለግከውን ትጠይቃለህ፣ ልጆቹ ጉጉት የተፋችውን የጸጉርና የአጥንት ድብልብል ፈታተው ከውስጡ የአይጥ አጥንት ይለቅማሉ። ግን ፌስቲቫል የአንድ ሁለት ቀን ነገር ነው፣ ወፎቹ ደግሞ ገደሉ ላይ ወራት ነው የሚቆዩት። ስለዚህ ፌስቲቫል ያለበትን ቅዳሜ ካገኛችሁ እሱን ምሰሶ አርጉትና ከፊቱም ከኋላውም ቀን ጨምሩበት። ካላገኛችሁም ጉዞውን አትሰርዙት፣ እኛ የሄድነው ምንም ፌስቲቫል ባልነበረበት ሳምንት ነው፣ አንድም ነገር አልጎደለብንም።

ለምን ፀደይ ካላችሁኝ መልሱ ያለው መሬት ውስጥ ነው። እዛ ሜዳ ላይ ፓዩት ግራውንድ ስኩዊረል የሚባል ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ትንሽዬ እንስሳ አለ፣ ከጃንዋሪ መጨረሻና ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ከጉድጓዱ ይወጣል፣ ሳሩ አረንጓዴ እስካለ ድረስ ይበላል ይዋለዳል፣ ከዛ በጋው ሲመጣና ሳሩ ሲደርቅ ጁላይ አካባቢ ተመልሶ ይገባና እስከሚቀጥለው ክረምት መጨረሻ አይወጣም። ፕሬሪ የሚባለው ጭልፊት ኑሮውን በሙሉ ከዚህ እንስሳ ጋር ነው ያስማማው፣ እንቁላሉን የሚጥለው፣ ጫጩቱን የሚያሳድገው ስኩዊረሉ ውጪ ባለበት ጊዜ ነው፣ ስኩዊረሉ ሲገባ እሱም አካባቢውን ለቆ ይሄዳል። ለዛ ነው ኦገስት ላይ ፈቃድ ስለወጣችሁ ብቻ ብትሄዱ ባዶ ገደል የምታዩት። ከማርች አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ ነው ጊዜው። ኤፕሪል ላይ ወፎቹ እንቁላል ላይ ናቸው፣ ሜይ ላይ ጫጩት ይቀልባሉ፣ ጁን ላይ ልጆቹ መብረር ይለምዳሉ።

አሁን ወደ ማዕከሉ። ከቦይዚ በስተደቡብ ኮረብታ ላይ ነው ያለው። የሚያስተዳድረው ፔሪግሪን ፈንድ የሚባል ድርጅት ነው፣ በ1970 ቶም ኬድ የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው የመሰረተው፣ ቦይዚ የገባው ደግሞ በ1984። የተመሰረተበት ምክንያት ዲዲቲ የሚባለው የተባይ ማጥፊያ ነው። ዲዲቲን እኛ በወባ ነው የምናውቀው፣ እናቴ ገና ስሙን ስትሰማ ቤት ለቤት ሲረጩ የነበረው አይደል እንዴ አለችኝ። እዚህ አገር ግን እርሻ ላይ ተረጨ፣ ነፍሳቱን ትናንሽ ወፎች በሉት፣ ትናንሾቹን ወፎች ፔሪግሪን ጭልፊት በላች፣ መርዙ ገላዋ ውስጥ እየተጠራቀመ ሄዶ የእንቁላሏ ቅርፊት ሳሳ፣ ልትታቀፈው ስትቀመጥበት ከስሯ ይሰበራል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምስራቅ የሚፈለፍል ፔሪግሪን ጠፍቶ ነበር። ዲዲቲ እዚህ አገር በ1972 ታገደ፣ እነዚህ ሰዎች ደግሞ በእጃቸው አራብተው ከ4,000 በላይ ጭልፊት ለቀቁ፣ በ1999 ፔሪግሪን ሊጠፉ ከተቃረቡት ዝርዝር ወጣች። ይሄን ታሪክ ግድግዳ ላይ ማንበብ አንድ ነገር ነው፣ ወፏን ክንድ በማይሞላ ርቀት እያዩ መስማት ግን ሌላ ነው።

እኛ በደረስንበት ሰዓት አንዲት በዕድሜ የገፉ በጎ ፈቃደኛ ፔሪግሪን ጓንት ላይ ይዘው ቆመው ነበር። እናቴ ገጠር ነው ያደገችው፣ ልጅ ሆና ሥራዋ ጫጩት ከጭላት መጠበቅ ነበር፣ ስለዚህ ወፏን እንዳየች ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለችና "ይቺ ናት እንዴ ጫጩት የምትነጥቀው?" አለችኝ። ተረጎምኩላቸው። ሴትዮዋ በደንብ ገባቸው፣ አይ ይቺ አየር ላይ የሚበር ወፍ ነው የምትመታው፣ ከላይ ክንፏን አጥፋ ስትወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች፣ ጫጩት የምትወስደው ሌላ ዘር ናት ብለው አስረዷት። ከዛ ቀረብ በይ አሏት። ቀረበች። ምንቃሯን ነው መጀመሪያ ያሳዩዋት፣ የላይኛው ምንቃር ጠርዝ ላይ በግራም በቀኝም እንደ ጥርስ የወጣ ነገር አለ፣ ጭልፊት ያደነችውን ወፍ አንገት የምትበጥሰው በሱ ነው። የአፍንጫዋ ቀዳዳ መሀል ደግሞ ትንሽዬ ጉብታ አለች። ዓይኗ እንደተቆላ ቡና ጥቁር ነው፣ ስታርገበግብ ከላይና ከታች ያለው ቆብ ሳይንቀሳቀስ ከጎን በኩል ስስ የሆነ ነጣ ያለ ሽፋን ሸርተት ብሎ ያልፍና ይመለሳል። እናቴ ያንን ሽፋን ደግማ ደግማ ለማየት ምንም ሳትናገር ቆማ ቀረች። ኋላ ላይ "ልጄ፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ስወረውርባቸው አንድ ቀን ፊታቸውን አላየሁም" አለችኝ። እኔ ለዚህ ቦታ አምስት የሰጠሁት በዚህ ነው፣ የሚይዙት ሰዎች አይቸኩሉም፣ የሚጠየቁትን ያዳምጣሉ፣ ቋንቋ የማይችል ሰው ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ተርጓሚው ሳይሆን ወደ ጠያቂው አዙረው ነው የሚያወሩት።

ከዛ ኮንዶር የሚባል ሬሳ የሚበላ ትልቅ ወፍ አለ። የካሊፎርኒያ ኮንዶር ክንፉን ሲዘረጋ ሦስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ በ1982 በዓለም ላይ የቀሩት 22 ብቻ ነበሩ፣ በ1987 ዱር ውስጥ የቀረውን የመጨረሻውን ሳይቀር ይዘው አስገቡትና ማራባት ጀመሩ፣ አሁን ከ500 አልፈዋል፣ ከግማሽ በላዩም ዱር ነው ያለው። ቦይዚ ያለው ማዕከል ዋና ከሚያራቡት አንዱ ነው። አሁንም ድረስ ብዙውን የሚገድለው ጥይት የሚሰራበት እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ነው፣ አዳኝ ሰው ተኩሶ የጣለው እንስሳ ሬሳ ውስጥ የጥይት ስብርባሪ ይቀራል፣ ኮንዶሩ ይበላዋል፣ ይመረዛል። ኮንዶር በተለምዶ በሁለት ዓመት አንድ እንቁላል ነው የሚጥለው፣ አንዱ ሲሞት ቦታውን የሚተካ ቶሎ አይመጣም።

ልጄ እዚህ ጋ "እኛ አገርም አለ?" ብሎ ጠየቀ። ኮንዶር የለም፣ ጥንብ አንሳ ግን አለ፣ እና ስለሱ ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ደቡብ እስያ ውስጥ ጥንብ አንሳዎች በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ አለቁ፣ ምክንያቱ ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ እንደሆነ የደረሱበት የዚሁ ድርጅት ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ናቸው፣ በ2004 ነው ውጤቱ የታተመው። መድሃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት ሬሳውን የበላው ወፍ ኩላሊቱ ይቆማል። እኛ አገር ቄራ አካባቢ የምናያቸው፣ ራሰ በራ ሆነው ፊታቸው ቀላ የሚሉት ትናንሽ ጥንብ አንሳዎች ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ተብለው ተመዝግበዋል። አሞራ ብለን የምናልፈው ወፍ እኮ ነው፣ ሬሳ ባያነሳልን ከተማው ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ነው።

ለማዕከሉ ግማሽ ቀን ያዙ፣ የሚከፈትበት ሰዓት በየወቅቱ ስለሚለያይ ቀድማችሁ አጣሩ። ዋናው ምክሬ ግን ማዕከሉን ከገደሉ አስቀድሙ ነው። ወፉን በቅርብ አይታችሁ ቅርጹ ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ሩቅ ላይ ስታዩት የምትለዩት። ልጄ ገደሉ ጋ ፕሬሪ ጭልፊትን በብብቱ ጥቁረት የለየው ከኔ በፊት ነው፣ አንድ ቀን ቀድሞ ስለተማረው ነው።

ገደሉ። ሞርሊ ኔልሰን የሚባል ሰው ነው ይሄ ቦታ እንዲጠበቅ ያደረገው፣ ጭልፊት የሚያሰለጥን ሰው ነበር፣ በሱ ጉትጎታ በ1971 መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ተከለለ፣ በ1993 የአሜሪካ ኮንግረስ ወደ 485,000 ኤከር የሚሆነውን ቦታ በሕግ ብሔራዊ ጥብቅ ቦታ አደረገው፣ በ2009 ደግሞ በስሙ ተሰየመ። 81 ማይል የሚሆን ወንዝ በውስጡ አለ፣ 16 ዓይነት አዳኝ ወፍ ይፈለፍልበታል፣ በየፀደዩ 700 ገደማ ጥንድ ጎጆ ይሰራል። ለምን እዛ ካላችሁ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ስለተገጣጠመ ነው፣ ገደሉ ባዛልት የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ስንጥቅና እርከን የሞላው፣ ለጎጆ የተመቸ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ደግሞ ሰፊ ሜዳ አለ፣ አፈሩ ደቃቅና ጥልቅ ስለሆነ ስኩዊረሉ እንደልቡ ይቆፍርበታል። ቤትና ምግብ አንድ ቦታ። በዛ ላይ ነፋሱ ገደሉን ሲመታ ወደ ላይ ስለሚነሳ ወፎቹ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ይንሳፈፋሉ።

ኪዩና ከምትባለው ከተማ በስዋን ፎልስ መንገድ ወደ ደቡብ 16 ማይል ያህል ነድታችሁ ዴዲኬሽን ፖይንት ትደርሳላችሁ። መንገዱ አስፋልት ነው። ስትነዱ የመብራት ምሰሶዎቹን እዩ፣ ኔልሰን ከመብራት ኃይል ድርጅቱ ጋር ሆኖ ንስር ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ እንዳይዘው ምሰሶው እንዴት መሰራት እንዳለበት ያጠና ሰው ነው፣ እኛ በአንድ ጠዋት ምሰሶ ላይ ብቻ አራት ትልልቅ ጭልፊት ቆጠርን። ከመኪና ማቆሚያው እስከ አፋፉ አጭር የእግር መንገድ ነው፣ እናቴ ጉልበቷን ያማታል ግን ቀስ እያለች ደርሳለች።

እዛ ጋ ስትደርሱ የሚገርማችሁ ወፎቹን ከላይ ወደ ታች ነው የምታዩት። ዕድሜ ልካችንን አንጋጠን ነው ጭልፊት የምናየው፣ ሆዱንና የክንፉን ስር ብቻ። እዛ ግን ከእግራችሁ በታች ጀርባውን አሳይቶ ያልፋል፣ የጀርባው ላባ ጠርዝ ጠርዙ ፈዘዝ ያለ እንደሆነ፣ ጅራቱን ለመዞር እንዴት እንደሚያጣምም ታያላችሁ። አንድ ፕሬሪ ጭልፊት ስኩዊረል ይዞ ከሜዳው መጣና ልክ አፋፉን ሲያልፍ ቁልቁል ወረደ፣ ክንፉ አየሩን ሲቀድ ፍጭጭ የሚል ድምፅ ሰማን፣ ከታች እንስቷ ከስንጥቁ ወጥታ አየር ላይ ተቀበለችው። ልጄ ክንዴን ጨምቆ ይዞ ምልክቱ ማታ ድረስ ነበር። ወርቃማ ንስር ያየነው ሁለት ብቻ ነው፣ ቁጥሩ እየቀነሰ ያለ ወፍ ነው፣ ቺትግራስ የሚባል መጤ ሳር አካባቢውን ወሮ እሳት እየደጋገመ ሴጅብረሽ የሚባለውን ቁጥቋጦ ፈጅቶታል፣ ቁጥቋጦው ሲሄድ ንስሩ የሚያድነው ጥንቸል አብሮ ሄደ። መንገድ ላይ ያ የተቃጠለ ሜዳ ማይሎች ሙሉ ይታያል፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ እዛ ሁኑ። የቆማችሁት በሰሜን በኩል ስለሆነ ቀትር ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት ነው የምትመጣው፣ ሁሉም ነገር ጥላ ይሆንባችኋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ መሬቱ ሲሞቅ ትልልቆቹ መንሳፈፍ ይጀምራሉ። ከዚያ ጥቂት ማይል ወረድ ብሎ የስዋን ፎልስ ግድብ አለ፣ በ1901 ለማዕድን ማውጫ መብራት ለመስጠት የተሰራ፣ ስኔክ ሪቨር ላይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ግድብ፣ እዛ ደግሞ ገደሉን ከታች ሆናችሁ ታያላችሁ፣ ዛፍና ጥላ አለ፣ ለምሳ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ አስጎብኚው። ስሙን አልጠራም፣ ግን ያደረገውን እናገራለሁ ምክንያቱም ሌላውም ሊያደርገው ይችላል። ሦስተኛው ቀን ላይ ጎጆ በቅርብ አሳያችኋለሁ የሚል ሰው ከፍለን ሄድን። አፋፉ ላይ አቆመን፣ ልክ ከታቻችን ጎጆ አለ። እንስቷ ወዲያው ወጣች፣ ክያክ ክያክ ክያክ እያለች ከጭንቅላታችን በላይ መዞር ጀመረች። እሱ ይሄን እንደ ትርኢት ነው ያሳየን፣ ፎቶ አንሱ አለን። አንድ አምስት ደቂቃ ሲሆን እንሂድ አልኩት፣ ለምዳለች አለኝ። አልለመደችም፣ የለመደች ወፍ አትጮህም። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ኤፕሪል ላይ እንቁላል ወይ ገና የተፈለፈለ ጫጩት ነው ያለው፣ እናቱ ከላዩ ተነስታ በቆየች ቁጥር ይቀዘቅዛል፣ ደግሞ ሁለት ቁራዎች ትንሽ ራቅ ብለው ተቀምጠው ነበር፣ ቁራ እንቁላል ይበላል። እኛ አራታችን ወደ መኪናው ተመለስን፣ አብረውን የነበሩት ሌሎች ጎብኚዎች ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩ። እናቴ መኪና ውስጥ "ወልዳ የምታጠባ ሴት ቤት ገብቶ መቆም ነው ይሄ" አለች። ገንዘባችንን መልስልን ብለን ጽፈንለት መልስ አልሰጠም፣ እኔ ግን ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ያቺ ወፍ ናት።

ስለዚህ አስጎብኚ ከመያዛችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ ጎጆ ጋ ስንት ያህል ትቀርባለህ በሉት። ጥሩ አስጎብኚ ርቀት ይነግራችኋል፣ ቴሌስኮፕ አለኝ ይላችኋል፣ ወፏ ከተነሳች ወይ ከጮኸች ወዲያው እንመለሳለን ይላችኋል። በቅርብ አሳያችኋለሁ ብሎ የሚጀምር ከሆነ ተዉት። ለነገሩ እዛ ቦታ ያለ አስጎብኚም ይቻላል፣ በራሳችን በሄድንባቸው ሁለት ጠዋቶች ነው የበለጠ ያየነው።

ዕቃ በአጭሩ። ባይኖኩላር 8 በ 42 የሚለውን ውሰዱ። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ባለቤቴ 12 እጥፍ የሚያቀርብ ይዛ ነበር፣ አፋፉ ላይ ነፋስ ስላለ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ባቀረበ ቁጥር መንቀጥቀጡም አብሮ ይበዛል፣ የሚያሳየው ቦታም ጠባብ ስለሆነ የሚበር ጭልፊት ተከትላ መያዝ አልቻለችም፣ በመጨረሻ የኔን እየተቀባበልን ነው ያየነው። ውሃ በደንብ ያዙ፣ ከኪዩና በኋላ ሱቅ የለም፣ ስልክም አንዳንድ ቦታ ይጠፋል፣ ካርታውን ቀድማችሁ ዳውንሎድ አርጉ። ጠዋት ወፍራም ጃኬት፣ ቀትር ላይ ኮፍያ። አፋፉ ላይ አጥር የሌለበት ቦታ ብዙ ነው፣ ልጅ የያዘ ሰው እጁን አይልቀቅ። ሲሞቅ ራትል ስኔክ የሚባል መርዛማ እባብ ስለሚወጣ ድንጋይ ስር እጅ አትክተቱ። ሜዳው ላይ የተኩስ ድምፅ ብትሰሙ አትደንግጡ፣ አንዳንድ ቦታ ስኩዊረል መተኮስ የተፈቀደ ነው፣ የእርሳስ ጥይቱ ግን ኮንዶሩ ላይ ያልኳችሁን ችግር እዚህም ያመጣል፣ የተመታውን ስኩዊረል ጭልፊትና ንስር ነው የሚበሉት።

እኛ የሚቀጥለው ዓመት ጁን መጀመሪያ ላይ ልንመለስ አስበናል፣ ልጄ ጫጩቶቹ ከገደሉ መጀመሪያ ሲወረወሩ ማየት ይፈልጋል። እናቴ አገር ቤት ገብታለች፣ ባለፈው እሁድ ስደውል ግቢው ላይ ጭላት እያንዣበበ እንደሆነ ነገረችኝ፣ ጫጩቶቹን ቅርጫት ደፍታባቸው በረንዳ ላይ ተቀምጣ እያየችው ነበር።